ጨነቅና ጎረቤቶቹ

ጨነቅ ስሙ በካርታ ላይ ስለሚነበብ ብዙዎች መንደር ነው ብለው ያስባሉ። ሲደርሱበት የሚጠብቃቸው ግን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ካምፕ ነው፦ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ እሳት የሚሞቁ ስካውቶችና ዳቦ ለመንጠቅ የሚያደቡ ቁራዎች። ከፍታው ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ ሌሊቱን ውርጭ ያድርበታል። ማለዳ ዋልያው ገደሉ አፋፍ ላይ ብቅ ይላል። ጎብኚው ፎቶውን ያነሳና ይመለሳል።

የስሜን ሰው የሚኖረው ግን በዙሪያው ነው። ከደባርቅ በሳንቃበር የሚመጣው የመኪና መንገድ አምባራስን አልፎ ጨነቅ ይደርሳል፤ ከዚያ የቧሂትን ተራራ ታኮ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። ከቧሂት ማዶ ጭሮ ለባ የሚባል መንደር፣ ከመሸሃ ወንዝ ወዲያ ደግሞ ራስ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ የሚያድርበት አምቢቆ አለ።

በዚህ ከፍታ ጤፍ አይታሰብም። ኑሮው የቆመው በገብስ ነው፤ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ቆሎው፣ በሶውም ገብስ ነው። ማገዶው ኩበት ነው። እሸት ሲደርስ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማሳ ዳር ይውላሉ፤ ጭላዳ ዝንጀሮው መንጋውን አስከትሎ ከገደሉ ወጥቶ ከገባበት የአንድ ቤተሰብ ቀለብ ያጎድላል።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም መንደሮቹ ቀድመውት ነበሩ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ1996 ደግሞ ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻና ግጦሽ እየተስፋፋ ነው ብሎ ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ከዚያ በኋላ የተወሰደው ትልቁ እርምጃ በፓርኩ ውስጥ የነበረውን የግጭ መንደር ማንሳት ነበር፤ ከ400 በላይ አባወራ እ.ኤ.አ. በ2016 ደባርቅ ሰፈረ። በዓመቱ ስሜን ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ለሣሩ በጎ ሆኗል። ዕድሜውን ሙሉ ገብስ ዘርቶ ከብት ያረባ ሰው ግን ከተማ ሲገባ ካሳው ብቻውን እንደማያኖረው ለመገመት ባለሙያ መሆን አያሻም።

እናም መንገዱ ሰላም ሲሆን ጨነቅ ድረስ ከሄዳችሁ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩ። በቅሎ ተከራይታችሁ ቧሂትን ተሻገሩና ጭሮ ለባ እደሩ። የመግቢያው ገንዘብ ለፓርኩ የሚከፈል ነው፤ የበቅሎው ኪራይ ግን ገብሱን ለሚያርሰው ሰው ይደርሳል።