ወላጅ ለመዋጮ ይጠራል፤ ለንባብስ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አገር ይንጫጫል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ወላጅ መምህሩን ይወቅሳል፣ መምህሩ “ወላጅ ልጁን አይከታተልም” ይላል፣ ሁለቱም ተያይዘው መንግሥትን ያማርራሉ። ክርክሩ ግን አሥር ዓመት ዘግይቶ የሚነሳ ክርክር ነው። ነገሩ የተበላሸው ገና አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ ልጁ ማንበብ ሳይችል “ተዛውሯል” የሚል ካርድ ይዞ ቤቱ የገባ ዕለት ነው።

ይህን በቁጥር ፍንትው አድርጎ ያሳየው በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካው የልማት ድርጅት በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ነው። ልጆቹ በሚማሩበት በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈ አጭር ታሪክ ተሰጣቸው። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ዓለም ባንክም ከዚያ ወዲህ ባወጣው ግምት፣ አሥር ዓመት ከሞላቸው የኢትዮጵያ ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም።

መምህሩን ብቻ መኮነን ቀላል ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሦስት ሚሊዮን አካባቢ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሃያ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከአሥራ ስምንት ሚሊዮን አልፏል። ይህ ትልቅ ስኬት ነው፤ ግን ክፍሉን ሞላው። በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ስድሳ ልጅ ለማስነበብ የሚሞክር መምህር ለአንዱ ልጅ አርባ ሴኮንድ ብቻ ይደርሰዋል፣ ያውም ስም ሳይጠራ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይጽፍ፣ የሚያወሩትን ሳይቆጣ። ልጅ ሲያነብ ሰው ተቀምጦ ሊያዳምጠው ይገባል። በክፍል ውስጥ ያልተገኘው አዳማጭ ሊገኝ የሚችለው ቤት ነው።

ታዲያ ወላጅን ትምህርት ቤት ምን ብሎ ጠራው? የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራሩን ወደ ታች አወረደ፤ ቀጥለው የወጡ መመሪያዎችም የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን አቋቋሙ። በወረቀት ላይ ኅብረቱ የመማር ማስተማሩን ሥራ ጭምር እንዲከታተል ነው። በተግባር ግን የስብሰባው አጀንዳ መዋጮ ነው፦ አጥር፣ ጣሪያ፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ ተጨማሪ መማሪያ ክፍል። ይህን ማቃለል አይገባም። በገጠር ብዙ መማሪያ ክፍል የቆመው ገበሬው ባመጣው እንጨትና ድንጋይ፣ በራሱ ጉልበት ነው። በቅርቡ የተጀመረው “ትምህርት ለትውልድ” ንቅናቄም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ያሳደሰው በኅብረተሰቡ መዋጮ ነው። ወላጅ ተጠርቶ አልቀረም፤ የተጠራው ግን ለግንባታ ነው። ሌላው የመጠሪያ ምክንያት ደግሞ ልጁ ሲያጠፋ የሚባለው “ወላጅ አምጣ” ነው። እንዲህ የለመደ ወላጅ፣ ከትምህርት ቤት መልእክት ሲደርሰው ወይ ኪሱን ይዳብሳል ወይ ዱላውን ያዘጋጃል።

በከተማ የግል ትምህርት ቤቶች ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚሉት ደብተር በየቀኑ ቤት ይደርሳል፣ ወላጅ ፈርሞ ይመልሳል። (አብዛኛው የሚፈርመው ጠዋት፣ ልጁ ጫማውን እያሰረ ነው።) የቤት ሥራው ለአስጠኚ ይሰጣል፣ የወላጁ ጭንቀትም በአብዛኛው ልጁ እንግሊዝኛ መናገሩ ላይ ነው። በአማርኛ አንድ ገጽ ሳይደነቃቀፍ ማንበቡን የሚፈትሸው ጥቂቱ ነው።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ አባባል አለ፦ “ያልተማረ ወላጅ ልጁን ምን ብሎ ይረዳል?” ጥያቄው ከመሬት የተነሳ አይደለም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ቢያስተምርም፣ ብዙው የሚያነበው አጥቶ የተማረውን ረስቷል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ነበሩ፤ በዚያው ዕድሜ ካሉ ወንዶች 69 በመቶ። ቢሆንም አባባሉን አልቀበለውም።

ምክንያቴ ፊደል ገበታው ላይ ነው። ብዙ የአንደኛ ክፍል ልጅ “ሀ ሁ ሂ ሃ” እያለ ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወርዳል፤ ጣትህን መሀል ላይ “ሞ” ላይ ብታሳርፍበት ግን ከ“መ” ጀምሮ ካልዘመረ አይደርስበትም። የቆሎ ተማሪ ያሳደጉ የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አቡጊዳ የተሠራው ለዚህ ነው፤ “አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ” ተብሎ ረድፉም ቤቱም ሲዘበራረቅ፣ ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ ይጋለጣል። ይህን ፈተና ቤት ውስጥ ለማካሄድ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ፊደል የማታውቅ እናት ጣቷን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዘለለች “ይሄስ?” ማለት ትችላለች። የልጁን መንተባተብ ጆሮዋ ይለያል። ልጁ አንድ አንቀጽ ካነበበ በኋላም “ምን ይላል? በራስህ ቃል ንገረኝ” ብትለው፣ ወሬው ወሬ መምሰሉንና አለመምሰሉን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ተረትና እንቆቅልሽ ስታወራ የኖረች ናትና።

ይህ ተሞክሯል። ሴቭ ዘ ችልድረን በተለያዩ ወረዳዎች ባካሄዳቸው የንባብ ፕሮግራሞች፣ ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሰፈር የሚያነቡባቸው የንባብ ካምፖች ተቋቋሙ፣ መጻሕፍት ተውሰው ቤት ወሰዱ፣ ወላጆችም ራሳቸው ባያነቡ ልጃቸውን እንዴት እንደሚያዳምጡ ተነገራቸው። በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍትም ታትመዋል። ችግሩ ሁሉም የፕሮጀክት ሥራ መሆኑ ነው። ፕሮጀክት ዘመኑ ያልቃል፣ ለጋሹም ራሱ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ልጅን ለማዳመጥ ግን ለጋሽ አያስፈልግም፣ መጽሐፍ እንጂ።

መጽሐፉ ደግሞ ቤት መድረስ አለበት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ እያስጫኑ ሰፈር ለሰፈር ሲያዞሩ ይህንኑ ተረድተው ነበር። ዛሬም “ይቀደዳል፣ ይጠፋል” ተብሎ በርዕሰ መምህሩ ቁም ሣጥን የሚቆለፍ መጽሐፍ ብዙ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ሳይደርስ ቀርቶ በቴሌግራም በስልክ የተላከበት ቤትም አለ፤ ዘመናይ ስልክ የሌለው ወላጅ ከዚያም ተቆርጧል።

ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ በመጪው የወላጆች ስብሰባ መዋጮው ከመነሳቱ በፊት ሃያ ደቂቃ ለንባብ ስጡ፤ አንድ መምህር አንድ ልጅ እያስነበበ እንዴት እንደሚደመጥ ያሳይ። መጽሐፉንም አውሱ፤ የተቀደደ መጽሐፍ የተነበበ መጽሐፍ ነው። ወላጆችም፣ ካርድ ስትቀበሉ “ስንተኛ ወጣ?” ከማለታችሁ በፊት፣ ልጃችሁ አይቶት የማያውቀውን አንድ አንቀጽ በመምህሩ ፊት እንዲያነብ ጠይቁ።