የጎቢ በያጆች

ከሞንጎሊያ ዋና ከተማ ከኡላንባታር በባቡር ወደ ቻይና ድንበር የሚወርድ መንገደኛ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ቾይር ላይ ይደርሳል። ቾይር የጎቪሱምበር ክፍለ ሀገር ከተማ ናት። ዙሪያዋ ሜዳ ነው፤ ዛፍ ለማየት ዓይን ይናፍቃል። በክረምት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። በሶቪየት ዘመን ትልቅ የጦር አውሮፕላን ሰፈር ነበረባት፤ ወታደሮቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ የቀረው ባዶ ሕንጻና ሥራ ያጣ ነዋሪ ነበር። ዛሬ ቾይርን የማነሣት በፖሊቴክኒክ ኮሌጇ ምክንያት ነው። በያጅ፣ የከባድ መኪና መካኒክ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ኦፕሬተር አሠልጥነው ወደ ማዕድን ማውጫዎች ከሚልኩት የሞንጎሊያ ኮሌጆች አንዱ እዚያ ነው።

የማዕድን ትምህርት ቤት ሲባል ብዙዎቻችን ዶማና አካፋ የያዘ ሰው ይታየናል። በትልልቆቹ ማውጫዎች ግን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የሚቆፍረው ማሽን ነው። ሰው የሚፈለገው ማሽኑን ለመንዳት፣ ከዚያ ይበልጥ ደግሞ ለመጠገን ነው። በደቡብ ጎቢ ባለው የኦዩ ቶልጎይ የመዳብና የወርቅ ማውጫ ድንጋይ የሚያመላልሰውን ገልባጭ መኪና እንውሰድ። አንዴ ሲጫን 290 ቶን ያህል ይይዛል፤ የጎማው ቁመት አራት ሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ በናፍጣ ይሠራል፤ ጉልበቱ ግን እንደ ተራ መኪና በማርሽና በካርዳን ወደ ጎማ አይሄድም። ሞተሩ ጀነሬተር ያዞራል፤ ጀነሬተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያሽከረክሩት እዚያው የተገጠሙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። እንግዲህ ይህን መኪና የሚጠግን ሰው ናፍጣ ብቻ ቢያውቅ ምን ይሠራል? ከፍተኛ ቮልቴጅም፣ የዘይት ግፊትም፣ የኮምፒውተር ንባብም ሊያውቅ ግድ ነው።

የዘይቱ ነገር ለብቻው ትምህርት ነው። በኤክስካቫተር ቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር 300 ኪሎ ያህል ይገፋል። ቱቦው ከመርፌ ጫፍ የማይበልጥ ቀዳዳ ከኖረው፣ የሚፈናጠረው ዘይት ጓንት በስቶ ቆዳ ሥር ይገባል። ቁስሉ ሲያዩት ንብ የነደፈችው ይመስላል፤ ሰዓታት ካለፉ ግን እጅ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ሠልጣኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚማረው አንድ ልማድ አለ፦ የሚያፈስ ቦታ በካርቶን ቁራጭ ይፈለጋል እንጂ በፍጹም በእጅ አይዳሰስም።

ብየዳውም እንዲሁ የራሱ ምሥጢር አለው። የኤክስካቫተር ባልዲ ሌት ተቀን ድንጋይ ስለሚፍቅ ጥርሱና ከንፈሩ ያልቃል፤ በጠንካራ ብረት ደጋግሞ መሸፈን አለበት። እንደ ጎቢ ባለ ብርድ ወፍራሙን ብረት ሳያሞቁ ቢበይዱት ስፌቱ በድንገት ይቀዘቅዝና ይደነድናል። ከእርጥብ ኤሌክትሮድ የገባው ሃይድሮጅንም እዚያው ይታፈናል። ማታ ሲያዩት ያማረ ብየዳ ሌሊቱን ሲሰነጠቅ ያድራል። በያጁ ብረቱን አስቀድሞ ማሞቅ፣ ኤሌክትሮዱን በምድጃ አድርቆ መያዝ፣ ሲጨርስም ቀስ ብሎ እንዲበርድ መሸፈን ያለበት ለዚህ ነው። ይህ ከመጽሐፍ ተነብቦ አይያዝም። ጓንት አጥልቆ፣ አበላሽቶ፣ ቆርጦ አይቶ፣ እንደገና በይዶ ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ልማድ የቁልፉ ነው። አንድ ማሽን ለጥገና ሲቆም እያንዳንዱ ሠራተኛ የኃይል ማጥፊያው ላይ የራሱን ቁልፍ ያንጠለጥላል፤ መክፈቻውን ኪሱ ይከታል። ስምንት ሰው ከገባ ስምንት ቁልፍ ይንጠለጠላል። የመጨረሻው ሰው ወጥቶ ቁልፉን እስኪያነሣ ድረስ አለቃም ቢሆን ማሽኑን ማስነሣት አይችልም። አንድ የ18 ዓመት ሠልጣኝ ሕይወቱን በራሱ ኪስ ይዞ መሥራትን የሚማረው እዚህ ላይ ነው።

ሞንጎሊያ እነዚህ ሙያተኞች በብዛት ያስፈለጓት በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ከ1978 ጀምሮ የሠራው የኤርዴኔት የመዳብ ፋብሪካ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በሽርክና የተቋቋመ ነበር፤ ሶቪየት ስትፈርስ ድጋፉም አብሮ ቆመ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2006 የወጣው የማዕድን ሕግ አንድ ኩባንያ ከሠራተኞቹ ከ10 ከመቶ በላይ የውጭ ዜጋ ከቀጠረ፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ የሥራ መደብ በየወሩ የዝቅተኛውን ደመወዝ አሥር እጥፍ እንዲከፍል ደነገገ። በጥቅምት 2009 ደግሞ የኦዩ ቶልጎይ የኢንቨስትመንት ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት መገባደጃ የገባው ክረምት ከባድ ነበር። ሞንጎሊያውያን ዙድ የሚሉት የበረዶና የብርድ መዓት ከ8 ሚሊዮን በላይ ከብት ጨረሰ፤ መንጋው ያለቀበት ቤተሰብ ልጆች ሌላ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ጎረፉ። ሕጉ የአገር ልጅ ቅጠሩ ይላል፣ ማውጫው ሙያተኛ ይፈልጋል፣ ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል። መካከል ላይ የጎደለው የሚያሠለጥን ኮሌጅ ነበር።

ለጋሾች የገቡት በዚህ ክፍተት ነው። ሚሌኒየም ቻሌንጅ ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም በ2007 ከሞንጎሊያ ጋር የ285 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ፈርሞ ነበር። ትልቁ ድርሻ የታሰበው ለባቡር መስመሩ ነበር። ይሁንና የባቡሩ ግማሽ ባለቤት ሩሲያ ስለሆነች ዕቅዱ ሳይሳካ በ2009 ተሰረዘ፤ ገንዘቡም ለሌሎች ሥራዎች ተከፋፈለ። ከቾይር ወደ ሳይንሻንድ የሚወስደው አስፋልት የተሠራው ከዚያ ነው። የሙያ ሥልጠናውም ዕቅድ ከዚያ ገንዘብ ደረሰውና ሰፋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጀርመን የልማት ድርጅቷ በሆነው በጂአይዜድ በኩል መጣች፤ ስዊዘርላንድና አውስትራሊያም ገንዘብ ጨመሩ። የእነሱ ፕሮጀክት ዓላማ ኮሌጁና ማውጫው አንድን ሠልጣኝ አብረው እንዲያወጡ ነበር።

ይህ አሠራር ለኛ እንግዳ አይደለም። በሀገራችን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች «የትብብር ሥልጠና» የምንለው ከዚሁ ከጀርመን ልምድ የተቀዳ ነው፦ ሠልጣኙ ጥቂቱን ጊዜ በክፍልና በወርክሾፕ፣ ብዙውን በኩባንያ ያሳልፋል። በጀርመን ግን ነገሩ የቆመው በኮሌጁ ትከሻ ላይ አይደለም። ኩባንያው ከወጣቱ ጋር ውል ይፈራረማል፣ በሥልጠናው ዘመን በየወሩ ይከፍለዋል፣ ፈተናውንም የሚያዘጋጀው የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቱ ነው። አሠሪው ገንዘቡን አፍስሶበታልና ሠልጣኙን መጥረጊያ አስይዞ ዓመት አያሳልፈውም። አሠሪው ምንም ሳያወጣ ሠልጣኝ ብቻ የሚላክለት ከሆነ ግን ልጁ የሚማረው ሻይ ማቅረብ ነው። የቾይርን ዓይነት ኮሌጅ የሚለየውም ማውጫዎቹ የሠልጣኙን ትምህርት ምን ያህል እንደ ራሳቸው ጉዳይ እንደሚያዩት ነው ባይ ነኝ።

አንድ ፕሮጀክት ምን ያመጣል? የብየዳ ማሽን፣ የኤሌክትሪክ መለማመጃ ሰሌዳ፣ የተከፈተ ሞተር፣ ሲሙሌተር (ያለ እውነተኛ መኪና መንዳትን የሚያለማምድ መሣሪያ)፣ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት፣ ለአሰልጣኞች የውጭ ሥልጠና። ስለ ሲሙሌተሩ ያለኝን ልናገር። ፍሬኑ የከዳው ባለ 290 ቶን መኪና ቁልቁለት ላይ ሲወርድ ኦፕሬተሩ ምን ማድረግ እንዳለበት በእውነተኛ መኪና ማለማመድ አይቻልም፤ ለዚያ ሲሙሌተር ወደር የለውም። መካኒክን ግን ሲሙሌተር አያሠለጥንም። መካኒክ ዝገት የያዘ ቡሎን ሲፈታ ክንዱ የሚሰማውን ስሜት ይፈልጋል። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ማውጫው የጣለው ዕቃ ነው፦ ያለቀ ባልዲ፣ የተቃጠለ ሞተር፣ የተቀደደ ቱቦ። ዋጋው ኢምንት ነው፤ የሚያስተምረው ግን ብዙ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። የአሜሪካው ተቋም ስምምነት በሕግ የተወሰነለት ዕድሜ አምስት ዓመት ነው፤ ሞንጎሊያ ላይ በመስከረም 2008 ተጀምሮ በመስከረም 2013 ተዘጋ። ከአምስቱ ዓመት የመጀመሪያው በቅጥርና በጥናት ያልቃል። ሁለተኛው ጨረታ ነው። ማሽኑ ባሕርና ድንበር አቋርጦ መጥቶ እስኪተከል ሦስተኛው ይጋመሳል። በያጅ ወይም መካኒክ ደግሞ በስድስት ወር አይወጣም፤ ሁለት ዓመት ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በአዲሱ ማሽን የሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ሲወጡ ፕሮጀክቱ ቢሮውን እየዘጋ ነው። ሥልጠናው በደንብ መሠራቱን ሊጠይቅ የሚችል ሰው የአውሮፕላን ትኬቱን ይዟል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ በማንም ዕቅድ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። ብየዳ መማር ብረት ማጥፋት ነው፤ እጅ እስኪለምድ ድረስ በየቀኑ ብረት ይቆረጣል፣ ኤሌክትሮድ ይነድዳል፣ ጋዝ ያልቃል። ለጋሽ ማሽን ይሰጣል እንጂ የዘንድሮን ኤሌክትሮድ ሲገዛ አይኖርም። በሀገራችን አንድ ኮሌጅ ገብቼ ላስቲክ የለበሰ ዘመናዊ ቶርኖ አይቻለሁ። ላስቲኩ ከመጣበት ቀን ጀምሮ አልወለቀም፤ የተሰጠው መመሪያ በሚያነበው ሰው ቋንቋ አልነበረም፣ አጠቃቀሙን የተማረው አሰልጣኝም ሥራ ቀይሮ ሄዷል። ያ አሰልጣኝ ጥፋተኛ ነው ልል አልችልም። የትም አገር ቢሆን ጎበዝ መካኒክን ማውጫው ከኮሌጁ በእጅጉ በበለጠ ደመወዝ ይወስደዋል። ፕሮጀክት አሰልጣኙን በደንብ ባሠለጠነው መጠን ማውጫው ፈጥኖ ይወስደዋል። ለጋሽና መንግሥት ስለ ሕንጻው ከሚወያዩበት ጊዜ እኩሌታውን ስለ አሰልጣኙ ደመወዝ ቢወያዩ ብዙ ነገር በዳነ ነበር።

የሚቆይ ነገር እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የሰጪዋ አገር ስም ከካርታ ጠፍቶም እሱ አለ፤ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ያኔ የመጡት ማሽኖች አርጅተዋል። የተረፈው እዚያ ተምረው እዚያው ያስተማሩ ሰዎች ያወረሱት ሙያ ነው።

ሞንጎሊያ አንድ ተጨማሪ ነገር አስተምራናለች፤ እኔ ከሁሉ የምቆጥረው ይህንን ነው። በሙያ ትምህርት ቤቶቿ የሚያመለክተው ወጣት ከቦታው በበለጠባቸው ክፍሎች ዕጣ ወጣ። ተመራማሪዎች ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በ2019 አወጡ። ዕጣ የደረሳቸው የተሻለ ሥራ አግኝተዋል፣ በተማሩበት ሙያ ተቀጥረዋል፣ ገቢያቸውም ጨምሯል። ጥናቱ ስለ ማዕድን ሙያ ብቻ አልነበረም፤ ልዩ ልዩ ሙያዎችን ያካተተ ነው። ጥቅሙ ግን ከወንዶቹ ይልቅ ለሴቶቹ ጎልቶ ታይቷል። ብየዳ የወንድ ነው፣ ከባድ መኪና የወንድ ነው የሚለው ወሬ ሞንጎሊያም አለ፤ ሙያ ትምህርት ቤት ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው መጠጊያ ነው የሚለውም እንዲሁ። ጥናቱ የተሠራው ይህ ሁሉ ወሬ ባለበት አገር ነው።

እኛም ዘንድ በኩርሙክ ትልቅ የወርቅ ማውጫ ሲገነባ ቆይቷል። ገልባጩን የሚጠግን፣ ባልዲውን የሚበይድ፣ ቁልፉን አንጠልጥሎ መክፈቻውን ኪሱ የሚከት ሰው ይፈለጋል። ሴት ልጅዎ የማትሪክ ውጤቷን ይዛ መጥታ ወደ ብየዳ ወይም ወደ ከባድ መኪና ጥገና ልገባ ነው ካለችዎ፣ እባክዎ የጎረቤት ወሬ ፈርተው አይከልክሏት። የምዝገባውን ወረቀት አብረዋት ይሙሉ፤ ከዚያም ወደ ኮሌጁ ሄደው የወርክሾፑን አሰልጣኝ በየሳምንቱ ስንት ሰዓት ብረት እንደምትበይድ ይጠይቁት።