ፊሽካ ያልተነፋበት ጥፋት

ሀና ማርያም ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ለዳኛ የሚያዝን ሰው አይገኝም። በሩ ላይ የጨዋታ ሰዓት በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ የቆመበት ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ አግዳሚው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዘግይቶ የደረሰው ግድግዳ ታክኮ ቆሟል፤ ከኋላ ያለው «ኧረ ጭንቅላትህን ዝቅ!» ይላል። የእንግሊዙ ዳኛ ፊሽካውን ሲነፋ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አርሰናሉ «በላን!» ብሎ ይነሳል፤ ማንቼው «ሕግ ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ» ይለዋል። በሳምንቱ ተራው ይገለበጣል፤ ያኔ ሕግ አዋቂ የነበረው አሁን ተበዳይ ይሆናል። ጥግ ላይ ደግሞ ለማንም የማይደግፍ፣ ኩፖኑን በመዳፉ የጨበጠ ሰው አይጠፋም። አራት ጨዋታ ገብቶለት አምስተኛውን በጭማሪ ደቂቃ የተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት ካበላሸበት፣ ዳኛውን ከሁሉም አብልጦ የሚራገመው እሱ ነው።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሊበተን ሲነሳ ወሬው ወደ ሀገር ቤት ይዞራል። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ይነሳሉ፣ ጊዮርጊስ ይነሳል፣ ቡና ይነሳል። ያኔ መበሻሸቁ ይቀንስና የከረመ ቂም ይመጣል። የትኛው ዳኛ የት ሀገር ላይ ምን እንዳደረገን በዓመተ ምሕረት የሚዘረዝሩ ሰዎች አሉ። እኔም የዚሁ ሰፈር ደጋፊ ነኝና ቂሙን እጋራለሁ። ነገር ግን ዝርዝሩን አንድ በአንድ ስፈትሸው አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከሁሉም የከፋው ጉዳት የደረሰብን ዳኛ በሌለበት ነው።

እስቲ ከደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት እንጀምር። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችበት የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር፤ ተጋጣሚዋ የወቅቱ የዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ። (ቀኑ ራሱ የሚገርም ነው፤ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫችንን ያነሳነውም ጥር 13 ቀን ነበር።) ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ። ብዙም ሳይቆይ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከግቡ ወጥቶ ኳስ ሊያርቅ ሲዘል እግሩ የዛምቢያውን ተጫዋች አገኘና ቀይ ካርድ ተመዘዘበት። ከኢትዮጵያውያን ደጋፊዎች መሀል ቩቩዜላና የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ሜዳው ዘነበ፤ ጨዋታውም ቆመ። በ10 ሰው ቀርተን፣ አንድ ገብቶብንም፣ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ያን ምሽት አዲስ አበባ ስለ ዳኛው ሲያማርር አደረ።

ምስሉን ዛሬ ረጋ ብሎ የሚያየው ሰው ግን ብዙም የሚከራከርበት ነገር አያገኝም። እግሩ ከፍ ብሎ ነበር፣ ሰውም ላይ አርፏል። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፍን፤ ያ የዳኛ ሥራ አይደለም። ናይጄሪያ ደግሞ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አግኝታ ሁለቱንም ቪክቶር ሞሰስ አስቆጠራቸው፤ የእኛው ግብ ጠባቂ ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። በአንድ ውድድር ሁለት ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ያጣ ቡድን ዳኛን ከመውቀሱ በፊት ግብ ጠባቂዎቹ ከግባቸው ሲወጡ ምን ተብለው እንደሠለጠኑ መጠየቅ ነበረበት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ፣ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ገና በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ባዬ በቪዲዮ ዳኝነቱ (ቫር) ተረጋግጦ በቀይ ሲወጣም ሰፈሩ ያው «በላን» ነበር ያለው። 1 ለ 0 ተሸነፍን። ስክሪን ላይ ተመላልሶ የታየን ጥፋት እንኳ አምነን ለመቀበል እንቸገራለን።

አሁን ወደ ሎባትሴ እንሂድ፤ ነገሩ የሚመረው እዚህ ነው።

ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ ሎባትሴ ላይ 2 ለ 1 አሸነፉ። በስምንተኛው ቀን፣ ሰኔ 9፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ 2 ለ 1 ረቱ። ጌታነህ ከበደ አቻ አድርጎ፣ የደቡብ አፍሪካው በርናርድ ፓርከር ደግሞ በራሱ ግብ ላይ አስቆጥሮ። እ.ኤ.አ. ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙር ያለፍን መስሎን ከተማው በጥሩምባ ተናወጠ። መኪና ጣሪያ ላይ ያልወጣ ወጣት አልነበረም ቢባል ብዙ አያጋንንም። በዚያው ቀን ፊፋ ኢትዮጵያ ላይ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ። ተጫዋቻችን ምንያህል ተሾመ በማጣሪያው ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ስለነበር ሎባትሴ ላይ መሰለፍ አይችልም ነበር። ተሰልፏል። ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ለቦትስዋና የ3 ለ 0 ድል ሰጣት፤ ሦስት ነጥባችንም ሄደ።

ሁለት ቢጫ ካርድ! በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች የታዩ፣ በዳኛው ሪፖርት የተመዘገቡ፣ ለመቁጠር ከጣት ያለፈ የማይጠይቁ ካርዶች። ተጫዋቹ ሜዳ ውስጥ የታዘዘውን ነው የሠራው። የትኛውም ዳኛ አልበደለንም፤ በዳዩ ቢሮ ውስጥ ያለ ወረቀት ነው። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን ካመነ በኋላ ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር የሚለው አልነበረውም። ዋልያዎቹ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው የጠፋውን በላባቸው መለሱት። ቀጥሎ ናይጄሪያ መጣች፤ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢማኑኤል ኢመኒኬ ሁለት አግብቶ፣ አንዱን በመጨረሻው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት፣ 2 ለ 1 አሸነፈችን። ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ደግማ ወደ ብራዚል ሄደች።

ሀና ማርያም ላይ ስለ ጥቅምት 3ቱ ፍጹም ቅጣት ምት እስከ ዛሬ የሚሟገት ታገኛላችሁ። ስለ ሎባትሴው ካርድ ግን ወሬው ቶሎ ያልቃል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ዳኛ ይታያል፣ ልብሱ ይለያል፣ ስሙ ይነገራል፣ ሲሰደብም አይመልስም። የካርድ መዝገብ የሚይዘውን ሰው ግን ማንም አላየውም፤ ያልታየ ሰው ላይ ደግሞ መጮኽ አይቻልም።

የሜዳው ጉዳይም የዚሁ ወንድም ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፉ። ስታዲየሙ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት አያሟላም ተባለና ኅዳር 2 ቀን ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ሆነ። ከዚያ ስደት ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያስቆጠሩበት ያ ታላቅ ቀን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው ያለፈው። ሴራሊዮንን ሞሮኮ ውስጥ ኤል ጃዲዳ ላይ አስተናገድን፤ ዲሞክራቲክ ኮንጎን ዳሬሰላም ላይ አስተናግደን 2 ለ 0 ተሸነፍን። የግብፁን ድል የሀና ማርያም ልጅ ያየው የእንግሊዝን ጨዋታ ባየበት አግዳሚ ላይ ነው። በሜዳው የማይጫወት ቡድን የደጋፊን ጫና አያገኝም፤ ዳኛው ጆሮ የሚደርስ የሜዳ ጩኸትም ከጎኑ የለም። ይህን ግን ማን «በላን» ይበለው? የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ ካታንጋና ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅና ከማን አንሼ የተባሉት የደጋፊ መቀመጫዎቹ ለዓመታት ጭር አሉ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል የተባለለት የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ሊጉም ተሰዷል። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ወዲህ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ መካሄድ ሲጀምሩ የቴሌቪዥን ስርጭቱ መጣ፤ ዲኤስቲቪ የሀገራችንን ሊግ ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ አልክድም። ዋጋውን የከፈለው ግን የስታዲየሙ ሰው ነው። የጊዮርጊስንና የቡናን የሸገር ደርቢ ለማየት የአዲስ አበባ ልጅ ከቃሊቲ መናኸሪያ አዳማ ወይም ሐዋሳ ሊሳፈር ግድ ሆነበት። የትራንስፖርት ከፍሎ፣ ምሳውን መንገድ ላይ በልቶ፣ ፀሐይ ተመቶ የተቀመጠ ደጋፊ በ88ኛው ደቂቃ ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ግብ ሲሻርበት ንዴቱ ከሰፈሩ ሁለት ታክሲ ይዞ ከመጣው ሰው ንዴት ጋር እኩል ሊሆን አይችልም።

ስለ ሀገር ውስጥ ዳኞቻችን ስንናገር አንድ እውነት እንዘላለን። ዳኝነት እዚህ ሀገር የሙሉ ጊዜ እንጀራ ሆኖ አያውቅም፤ አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው። በሁለት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች፣ በካናዳና በፈረንሳይ፣ በዳኝነት የተሳተፈችው ሊዲያ ታፈሰ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ባምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ዳኞች ዝርዝር ውስጥ ነበር። ይኸው ባምላክ ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ የሴኔጋልና የቡርኪና ፋሶን የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲመራ በመጀመሪያው አጋማሽ ለሴኔጋል ሁለት ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ሁለቱንም በቫር አይቶ ሻራቸው። ማንም ሌባ አላለውም፤ ጨዋታውም በሰላም አለቀ። ያ ሰው ወደ ሀገሩ ሊግ ሲመለስ ያ ስክሪን አልነበረም። ጨዋታው እዚህ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ውሳኔዎች ባሉበት ይጸኑ ነበር ማለት ነው፤ ማታውን ስሙ በየአግዳሚው ሲነሳ ያድር ነበር።

ንዴት የት ድረስ እንደሚሄድ ደግሞ አይተናል። ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. በመከላከያና በወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ላይ ዳኛው ለመከላከያ ያጸደቀው ግብ ጠብ አስነሳ፤ የወልዋሎ ቡድን አባላት ዳኛውን ሜዳ ውስጥ አሳደው ደበደቡት። ፌዴሬሽኑ ሊጉን አቋረጠ፤ ዳኞቹም ለደኅንነታቸው ዋስትና ካልተሰጠን ፊሽካ አንይዝም አሉ። ትክክል ነበሩ። ያኔ እጅ ያነሱት ጥቂት ሰዎች ቢሆኑም፣ ዳኛን ጠላት አድርጎ ማየቱን ያስተማርናቸው ሁላችንም በየአግዳሚያችን ነን።

ታዲያ ደጋፊው ዝም ይበል? የለም፣ እንዲህ አልወጣኝም። ዳኛ ይሳሳታል፤ የእኛዎቹም ይሳሳታሉ፤ አንዳንዱ ስህተት ዋንጫ ያስለውጣል። የሚያናድደው ከስህተቱ በኋላ የሚሆነው ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሊቨርፑል ከቶተንሃም ሲጫወት የሉዊስ ዲያዝ ትክክለኛ ግብ በቫር ክፍሉ መደናበር ተሻረ። የእንግሊዝ ዳኞች አካል በዚያው ዕለት ስህተቱን አመነ፤ በቀናት ውስጥም ዳኞቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ የተቀዳውን ድምፅ ለሕዝብ ለቀቀ። ሀና ማርያም ያለ የሊቨርፑል ደጋፊ በስልኩ አዳመጠው። ቃል በቃል የሚያስመስሉትም ነበሩ። የእንግሊዝ ዳኛ ለምን እንደተሳሳተ ከነድምፁ የሰማ ልጅ፣ አዳማ ላይ ክለቡ ለምን ፍጹም ቅጣት ምት እንደተከለከለ ከማን ይስማ? በየጨዋታው ኮሚሽነር ይመደባል፣ ዳኛን የሚገመግም ባለሙያ ይቀመጣል፣ ሪፖርትም ይጻፋል። ሪፖርቱ ግን ለደጋፊው አይደርሰውም። ባዶውን ቦታ ሐሜት ይሞላዋል፤ «ገንዘብ በልቷል»፣ «የእነሱ ሰው ነው» የሚለው ወሬ የሚበቅለው እዚያ ነው።

የፌዴሬሽኑና የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ኃላፊዎች ሆይ፣ ቫር ውድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ዛሬውኑ አምጡ አንልም። የዳኞች ኮሚቴ ግን በየሳምንቱ ሦስት አወዛጋቢ ውሳኔዎችን መርጦ፣ ምስሉን እያሳየ፣ «ይህ ትክክል ነበር፣ ይህ ስህተት ነበር፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ቢለን ብዙ ወጪ የለውም። ከጨዋታ በፊትም የማን ስንት ካርድ እንዳለ፣ ማን እንደታገደ በግልጽ ለጥፉልን። ሁለት ቢጫ መቁጠር የሚችል ደጋፊ በዚህች ሀገር ሞልቷል።