«ሞላሁ» የሚለው ባትሪ

የለንደን የቤት ኪራይ በተነሣ ቁጥር አንድ ወሬ ተከትሎት ይመጣል። በእንግሊዝ ቦዮች ላይ ጠባብ ጀልባ ገዝቶ የገባ ሰው የመብራት ሂሳብ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጣሪያው ላይ ሶላር ዘርግቶ፣ ሰማዩ ሲከፋ ሞተሩን ለአንድ ሰዓት አስነሥቶ በነፃ ይኖራል ይባላል። ወሬው ፍጹም ውሸት ቢሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስተባበል በተቻለ ነበር። ግማሹ እውነት ስለሆነ ግን አምኖት የገባው ሰው ስሕተቱ የሚገባው ባትሪው ከሞተ በኋላ ነው። ስለ ቦዮቹ ታሪክ እዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለድንጋይ ከሰልና ለሸቀጥ ማጓጓዣ ተቆፈሩ፤ በብዙዎቹ ላይ ያሉት የውሃ በሮች ስፋታቸው 2.1 ሜትር ገደማ በመሆኑ ጀልባዎቹም ከዚያ ጠበው ተሠሩ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህሉን የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት የሚችለው በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው። ስለዚህ ከመሬት የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተያይዞ አይኖርም፤ መብራቱን ራሱ ያመነጫል፣ ራሱ ያጠራቅማል።

እውነት የሆነው ግማሽ የሰኔው ግማሽ ነው። ለንደን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 51.5 ዲግሪ ላይ ናት። በሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 62 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ቀኑም ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ከ15 ዲግሪ ብዙም አትዘልም፣ ቀኑም 8 ሰዓት አይሞላም። በዚህ ላይ ደመናው ሲጨመር፣ ጣሪያ ላይ በጠፍጣፋው የተዘረጋ ሶላር በታኅሣሥ የሚሰጠው የሰኔውን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 300 ዋት ሶላር በጥሩ የሰኔ ቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢያስገባ፣ በታኅሣሥ 0.12 ቢያስገባ ነው። ፍሪጁ ብቻውን በቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የቀን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ፣ ይህን ልዩነት የእኛ አንባቢ አቅልሎ ቢያየው አይገርምም። እንግሊዝ አገር ኖረው ወሬውን የሚያዛምቱት ግን ምክንያት የላቸውም።

ስለዚህ በብርዱ ወራት የሚቀረው ሞተሩ ነው፤ «ለአንድ ሰዓት አስነሥቶ» የሚለው ሐረግም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ጀልባ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኃይሉን ያጠራቀመው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. በፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ውስጡ ሁለት ዓይነት ሳህኖች አሉ፤ አንዱ ንጹሕ እርሳስ፣ ሌላው ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ እርሳስ፤ ሁለቱም ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ የተነከሩ ናቸው። መብራት ስናበራ ሁለቱም ሳህኖች ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ፣ አሲዱም ይቀጥናል። ቻርጅ ስናደርግ ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። እስከዚህ ድረስ የትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ነው። ሰው የሚዘነጋው ሳህኑ እንደ ስፖንጅ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት መሆኑን ነው። መጀመሪያ ላይ ሰልፌቱ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ስለሚገኝ ባትሪው የተሰጠውን ሁሉ ይቀበላል፤ ገደቡ የሞተሩ ዲናሞ አቅም ብቻ ነው። የሠርግ ድንኳን እንደሚሞላው ነው የሚሞላው፤ ቀድመው የመጡት እንግዶች ባገኙት ወንበር ወዲያው ይቀመጣሉ፣ የመጨረሻዎቹ ግን ጥግ ጥጉን ሲፈልጉ፣ እግር ሲረግጡና ይቅርታ ሲጠይቁ ይቆያሉ። ባትሪው 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ የቀረው ሰልፌት ቀዳዳው ውስጥ የተሸሸገው ነው፤ ወደዚያ የሚገባውና ከዚያ የሚወጣው ንጥረ ነገር በዝግታ ይጓዛል። ቮልቱን በመጨመር ማስገደድ አይቻልም፤ ከ14.4 ቮልት አካባቢ አልፎ ቢገፋ ኃይሉ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየሰነጠቀ ይባክናል። ስለዚህ ቮልቱ እዚያው ይያዛል፣ የሚገባው አምፔር ደግሞ እያደር ያንሳል። ከ50 እስከ 80 በመቶ በሁለት ሰዓት የደረሰ ባትሪ የመጨረሻዋን 20 በመቶ ለመሙላት አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሰዓት የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

«ታዲያ 80 በመቶ ይበቃኛል» የሚል ይኖራል። ለዛሬ ይበቃዋል። ችግሩ የቀረው ሰልፌት እንደ ትኩሱ ሆኖ አለመጠበቁ ነው። ትንንሾቹ ቅንጣቶች እየሟሙ በትልልቆቹ ላይ ይደርቃሉ፣ ትልልቆቹም እየደነደኑ ለአሲዱ የሚያጋልጡት ገጽ ይቀንሳል። በሳምንታት ውስጥ ያ የሳህኑ ክፍል ከሥራ ይወጣል። አሳሳቹ ነገር መለኪያው ይህን አለማሳየቱ ነው። ግማሽ አቅሙን ያጣ ባትሪ በተለመደው መለኪያ 12.7 ቮልት አሳይቶ «ሞላሁ» ይላል፤ የሞላው ግን የቀረው ግማሽ ነው። እንዲያውም ከበፊቱ ቶሎ ስለሚሞላ ባለቤቱ ይደሰታል። ማታ ላይ ፍሪጁ ሲጠፋ ፍሪጁን ይወቅሳል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንድ ሊትር ናፍታ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለው። ጀልባው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሽከረከር በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይበላል እንበል። ዲናሞው 50 አምፔር በሚሰጥበት በመጀመሪያው ሰዓት ባትሪው የሚያገኘው 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከናፍታው 7 በመቶ። በመጨረሻዎቹ ሰዓታት 10 አምፔር ብቻ ሲገባ ትርፉ ወደ 1.4 በመቶ ይወርዳል። የቀረው በጭስና በሙቀት መልክ ይሄዳል። የሞተሩ ሙቀት የመታጠቢያውን ውሃ ያሞቃል የሚለው መከራከሪያ ትክክል ነው፤ ሆኖም የጋኑ ውሃ በመጀመሪያው ሰዓት ወይም ሁለት ከሞቀ በኋላ አምስተኛው ሰዓት የሚያሞቀው ነገር የለም። በዚህ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በሌሎች አጠገብ ቆሞ ሞተር ማስነሣት ክልክል ነው። ለመጠጥ ቤት ወዳዱ ጀልባ ነዋሪ ከዚህ የሚከተለው ነገር ከመጽናናት ይቆጠራል። በስቶክ ብሩርን ቦት ኢን፣ በብራውንስተን አድሚራል ኔልሰን የተባሉት የውሃ ዳር መጠጥ ቤቶች ዛሬም አሉ። ብዙዎቹ መሰል ቤቶች በዘመናቸው የጎታች ፈረሶች ጋጣ ነበራቸው፤ ርቀታቸውም ለተጓዥ የተመቸ ነው። የስድስት ሰዓት መንገድ ተጉዞ ማምሻውን እዚያ የሚደርስ ሰው ባትሪው በመንገድ ሞልቷል፣ ናፍታውም ለጉዞው ወጥቷል። ደጁ ላይ ካለው መጠጥ ቤት ሳይነቃነቅ ሳምንት የሚሰነብተው ግን ባትሪውን እየገደለ ነው።

ባትሪውን ምን ያህል ማውረድ ይገባል የሚለው ጥያቄ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎችም እዚህ ላይ ይለያያሉ። ከ50 በመቶ በታች አታውርድ የሚለው ምክር ሰፊ ቅቡልነት አለው። በሌላ ወገን ባትሪው በዕድሜው የሚሰጠው ጠቅላላ ኃይል ጥልቅ ቢወርድም ጥልቅ ባይወርድም ተቀራራቢ ነው የሚሉ አሉ። የአምራቾች ሠንጠረዦች ለሁለቱም ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ሠንጠረዦቹ የተሠሩት በቤተ ሙከራ ሙቀት፣ ከእያንዳንዱ ጥቅም በኋላ ባትሪው እስከ መጨረሻው ተሞልቶ ነው። ጀልባ ላይ የማይሆነው ይኸኛው ነው። ስለዚህ የወረደበት ጥልቀት ያን ያህል የሚያከራክር ሆኖ ሳለ፣ ሳይሞላ የሰነበተበት ጊዜ የበለጠ ይጎዳዋል ብሎ መደምደም ይቻላል፤ ቢያንስ ቅዝቃዜው፣ የሳህኑ ውፍረትና የአሲዱ ዓይነት ይህን እስካልቀየሩ ድረስ።

የመጨረሻው መከራከሪያ ሊቲየም ነው። የጀልባዎቹ ሊቲየም በአብዛኛው የብረት ፎስፌት ዓይነት ስለሆነ፣ በእሳት አደጋ ስሙ ከሚነሣው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ጋር ማምታታት አይገባም። ግማሽ ሞልቶ መሰንበት አይጎዳውም፤ እስከ መጨረሻው ድረስም የተሰጠውን አምፔር ይቀበላል። እዚህ ላይ ግን ዲናሞው ይቃጠላል። ለእርሳስ ባትሪ የተሠራ ዲናሞ ጭነቱ እያደር እንደሚቀልለት ታስቦ ነው የተሠራው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሽከረከር ማቀዝቀዣ ፋኑም ይዘገያል፣ ሊቲየሙ ግን መጠየቁን አያቆምም። ስለዚህ ብዙዎች በዲናሞውና በባትሪው መካከል አምፔሩን 30 ላይ የሚገድብ ቻርጀር ያስገባሉ። 200 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ30 አምፔር ከባዶ ለመሙላት ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ናፍታውም በእነዚያ ሰዓታት ሁሉ ይቆጠራል።