የወር አበባ ሲዛባ ፅንሱ የጀመረበት ቀን እንዴት ይታወቃል?

ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት መጀመሪያ ከምትጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?» የሚል ነው። አዋላጅ ነርሷ ከዚያ ቀን ተነስታ የእርግዝናውን ዕድሜና የመውለጃውን ጊዜ ታሰላለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፤ የወር አበባው በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል። ይህም 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ማለት ነው። ጳጉሜን በመሃል ካለፈች የእሷ 5 ወይም 6 ቀን ይቀነሳል። የወር አበባዋ መስከረም 10 የጀመረ ሴት በዚህ ስሌት ሰኔ 20 ገደማ ትወልዳለች።

ይህ ስሌት የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ለሚመጣ ሴት የተሠራ ነው። ለእሷ እንቁላል የሚለቀቀው የወር አበባዋ ከጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገደማ ነው፤ ፅንሱም የሚጀምረው ያኔ ነው። ዑደቱ ሲረዝም ወይም ሲያጥር በአብዛኛው የሚለዋወጠው እንቁላሉ ከመለቀቁ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ከተለቀቀ በኋላ እስከሚቀጥለው የወር አበባ ያለው ጊዜ ግን ብዙም አይዋዥቅም፤ ወደ 14 ቀን ይጠጋል።

እንግዲህ የወር አበባዋ አንዳንዴ በ26፣ አንዳንዴ በ40 ቀን የሚመጣ ሴት ብታረግዝስ? የመጨረሻው የጀመረው መስከረም 10 ከሆነ፣ የሚቀጥለው ጥቅምት 6 ወይም ጥቅምት 20 ሊመጣ ይችል ነበር። ከሁለቱም 14 ቀን ሲቀነስ ፅንሱ የጀመረው ከመስከረም 22 እስከ ጥቅምት 6 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። የሁለት ሳምንት ልዩነት አለው። አንድ ቀን ብቻ መርጦ «ይህ ነው» ማለት አያስኬድም።

የሚያጠቡ እናቶችና የወሊድ መከላከያ መርፌ በቅርቡ ያቆሙ ሴቶች ደግሞ የባሰ ይቸገራሉ። የምታጠባ ሴት የወር አበባዋ ሳይመለስ ልታረግዝ ትችላለች። መርፌ ያቆመችም የወር አበባዋ እስኪስተካከል ወራት ሊወስድባት ይችላል። በእርግዝና መጀመሪያ የሚታይ ጥቂት ደም የወር አበባ ተብሎ ከተቆጠረ ደግሞ ስሌቱ ጭራሽ ይሳሳታል።

ለእነዚህ ሁሉ የተሻለው መፍትሔ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረግ አልትራሳውንድ ነው። በዚያ ጊዜ ፅንሶች በተቀራረበ ፍጥነት ስለሚያድጉ ከራስ እስከ መቀመጫ ያለው ርዝመት ተለክቶ ዕድሜው ይታወቃል፤ ስህተቱም ከ5 እስከ 7 ቀን ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ፅንስ ይገዝፋል፣ ሌላው ይቀጥናል፤ እርግዝናው በገፋ ቁጥር ልኬቱም ዕድሜን በመናገር ረገድ እየደከመ ይሄዳል።

ዑደቷ የሚዛባባት ያችው የመስከረም 10 ሴት ኅዳር 20 አልትራሳውንድ ብትነሳና «8 ሳምንት ከ3 ቀን» ብትባል፣ በወር አበባዋ ግን 10 ሳምንት ሞልቷት ነበር። የ11 ቀን ልዩነት ስላለ ሐኪሞች የሚከተሉት አልትራሳውንዱን ነው። ፅንሱ የጀመረበትን ቀን ለማግኘት ከ8 ሳምንት ከ3 ቀን ላይ 2 ሳምንት ይቀነሳል፤ የሚቀረው 45 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥቅምት 5 ገደማ ይሆናል። የመውለጃዋም ቀን ከሰኔ 20 ወደ ሐምሌ 1 ይሻገራል።

ሁለት ሳምንቱ የሚቀነስበት ምክንያት በደንብ መታወቅ አለበት። ሐኪም «የ8 ሳምንት እርግዝና» ሲል የሚቆጥረው ከወር አበባ ጀምሮ እንጂ ከተፀነሰበት ቀን አይደለም፤ ፅንሱ ራሱ ገና 6 ሳምንቱ ነው። ይህን ያላወቀ ባል ከሥራ ወይም ከውጭ አገር የተመለሰበትን ቀን ቆጥሮ «አይገጥምም» ሊል ይችላል። በዚህ የተነሳ ያለ ጥፋቷ የምትጠረጠር ሴት ግፍ ይፈጸምባታል። በዚያ ላይ የወንድ ዘር በሴቷ ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ግንኙነት የተደረገበት ቀንና የተፀነሰበት ቀን የግድ አንድ አይሆኑም። የአባትነትን ጥያቄ የሚመልሰው የዲኤንኤ ምርመራ ነው እንጂ የቀን ቆጠራ አይደለም።

ትክክለኛው ዕድሜ ለሕክምናውም ወሳኝ ነው። ቀኑ በሁለት ሳምንት ከተሳሳተ ጤናማ ፅንስ «አላደገም» ይባላል፤ ጊዜዋ ያልደረሰ እናት «ቀኗ አልፏል» ተብላ ያለጊዜዋ ምጥ እንድትጀምር ልትደረግ ትችላለች። ያለጊዜው ለሚወለድ ሕፃን ሳንባ የሚሰጠው መድኃኒትም የሚወሰነው በሳምንቱ ቆጠራ ነው።

የወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ የመጣበትን ቀን ሁሉ መዝግቢ፤ መመዝገቢያው ደብተርም ይሁን ስልክ ለውጥ የለውም። መርፌ ያቆምሽበትን ቀን ወይም የምታጠቢ መሆንሽንም ለአዋላጇ ንገሪ። እርግዝናው እንደታወቀ ሳትዘገዪ አልትራሳውንድ ተነሺ፤ የመጀመሪያውን ውጤት ወረቀትም እስክትወልጂ በጥንቃቄ ያዢ፤ በኋላ የሚመጡ ልኬቶች ሁሉ የሚመዘኑት በእሱ ነው። ደም ከፈሰሰሽ ወይም በአንድ ወገን የሚጠዘጥዝ የሆድ ሕመም ከተሰማሽ ግን ቀን መቁጠሩን ትተሽ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ሂጂ።