ከተዋናዩ ኋላ ያለው ጨርቅ

የአማተር ቴአትር አሮጌ ፎቶግራፍ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ማነው?» ብሎ ነው። መድረክ ላይ ግን ፊትን ማመን ያስቸግራል፤ ጺሙ በሙጫ የተለጠፈ፣ ሽበቱም ዱቄት ሊሆን ይችላል። በቀድሞው ዘመን ፎቶ ከሆነ፣ ነጠላ አጣፍታ የቆመችው «እመቤት» ራሷ ወንድ ልትሆን ትችላለች፤ እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የሴቶችን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ።

ስለዚህ ከሰው በፊት ከኋላው የተሰቀለውን ጨርቅ ማንበብ ይበጃል። እንደ አዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ባሉ ሰፈሮች የአማተር መድረክ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለው የቀበሌ ኪነት ቡድን ነው፣ ኪነት ደግሞ በጨርቅ ላይ ከተጻፈ መፈክር ውጭ መድረክ ላይ አይወጣም ነበር። የከተማ ቀበሌዎች የተቋቋሙት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ስለሆነ፣ «ቀበሌ» የሚል ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ከጎኑ ያለው «ከፍተኛ» የደርግ ዘመን አጠራር ነው። «ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ» የሚል ከሆነ ደግሞ ፎቶው ከ1995 በፊት ሊነሳ አይችልም። «ኢሠፓአኮ» (የኢትዮጵያ ሠርቶ አደሮች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን) የሚለው ምሕፃር በታኅሣሥ 1972 መጥቶ በመስከረም 1977 ለፓርቲው ለ«ኢሠፓ» ቦታውን ለቀቀ፤ «ኢሕዲሪ» (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) የመጣው በ1980 ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ጨርቅ ውድ ነው፣ በዓሉ ካለፈም በኋላ አዳራሹ ውስጥ እንደተሰቀለ ይቆያል። ጽሑፉ ፎቶው ከመቼ ወዲህ እንደተነሳ ይነግረናል እንጂ እስከ መቼ የሚለውን አይነግረንም።

የተውኔቱን ርእስ ማግኘት ከዘመኑ ይከብዳል። ኪነት በአንድ ምሽት ዘፈን፣ ውዝዋዜና አጭር ድራማ ያቀርብ ነበርና፣ የእንጨት ጠመንጃ የያዘው ወጣት ተዋናይ ሳይሆን ዘፋኝ ሊሆን ይችላል። ያው ካባ በሁለት ፎቶ ላይ ታየ ማለትም ተውኔቱ አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ልብሱ ለሁሉም የሚበቃ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ጀምሮ ስለሚታተም ለትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ሥራ ጥሩ ምስክር ነው፤ የቀበሌ አዳራሽ ድራማ ግን እዚያ ይገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይበጅም። የመግቢያ ትኬት፣ ማኅተም ያረፈበት የጥሪ ወረቀት፣ በፎቶው ጀርባ ያለ የፎቶ ቤት ማኅተም ይሻላል።

የቀረው ሰዎቹን መጠየቅ ነው፣ እሱም የራሱ ብልሃት አለው። «ይሄ እገሌ አይደለም?» ብሎ መጀመር ምስክሩን ማበላሸት ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ለእንግዳ «አይደለም» ማለት ይከብደዋል። ፎቶውን ዝም ብሎ ሰጥቶ፣ መጀመሪያ ስለ አዳራሹ፣ ስለ አዘጋጁ፣ ስለ ልምምዱ ማስወራት ነው፤ ስሙ በወሬው መሀል ይመጣል። ጓደኛሞችን ለየብቻ መጠየቅም ግድ ነው፤ አብረው ከተቀመጡ ቀድሞ የተናገረው ያሸንፋል። የደርግ ዘመን ለብዙ ቤተሰብ የሐዘን ዘመን ስለነበር፣ በኪነት ቡድን ውስጥ መታየቱ እንዲወራበት የማይፈልግ ሰው ይኖራል፤ ስሙን ከመጻፍ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ ያሻል። ሁለት ሰዎች ለአንድ ፊት ሁለት ስም ከሰጡ ሁለቱም ይጻፉ፣ ማን እንደተናገረና መቼ እንደሆነ ጭምር፣ በፎቶው ጀርባ ላይ ሳይሆን በሌላ ወረቀት።