ተማሪው ራሱ የሚሞላው ውጤት

አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የሚያመለክት ወጣት፣ ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ውስጥ የፈተና ውጤት የሚሞላበት ክፍል ያገኛል። ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ ተፈትኖ ከሆነ ያመጣውን ቁጥርና የተፈተነበትን ቀን በገዛ እጁ ይጽፋል። ማኅተም የለም፤ ከፈተናው ድርጅት የተላከ ማስረጃም አያያይዝም። ብዙ ኮሌጆች ይህንኑ ቁጥር ተቀብለው ይወስናሉ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ነው። አገር ቤት የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ውጤቱን ለዩኒቨርሲቲ አያስታውቅም፤ ፈተናውን ያረመው መሥሪያ ቤት ለትምህርት ሚኒስቴር ያስተላልፋል፣ ምደባውም ከዚያ ይወጣል። ስለዚህ አሠራሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ወላጅ «ዋሽቶ ቢጽፍስ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ አለ፤ መጀመሪያ ግን ኮሌጆቹ ለምን ወደዚህ እንደመጡ እንይ።

ኤስኤቲን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ ፈተናው መሰጠት የጀመረው በ1926። ኤሲቲ በ1959 ከአዮዋ ተነሥቶ ተፎካካሪው ሆነ። ኤስኤቲ ለንባብና ጽሑፍ እስከ 800፣ ለሒሳብ እስከ 800፣ በድምሩ እስከ 1600 ይሰጣል፤ የኤሲቲ ጣሪያ 36 ነው። ለብዙ ዓመታት ኮሌጆች የሚያምኑት ከእነዚህ ድርጅቶች በቀጥታ የደረሳቸውን ውጤት ብቻ ነበር።

ይህ መላላክ ገንዘብ ይጠይቃል። የኤስኤቲ ተፈታኝ ውጤቱ ለአራት ኮሌጆች በነጻ እንዲላክለት ማዘዝ ይችላል፤ ዕድሉ ግን ከፈተናው ዕለት በኋላ በዘጠነኛው ቀን ይዘጋል። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከዚያ ወዲያ ነው። እናም በነጻ የሚልክ ምን እንዳመጣ ሳያውቅ ይልካል፤ ውጤቱን አይቶ ልላክ ያለ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ 15 ዶላር ገደማ ይከፍላል። አሥር ቦታ ላመለከተ ልጅ 150 ዶላር መሆኑ ነው፤ የፈተናውና የማመልከቻው ክፍያ ሳይታሰብ። አሜሪካ የሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ከክፍያው ነጻ የሚሆኑበት መንገድ አለ፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ ግን ይህ አይመለከተውም። ለእሱ ዶላሩን ማግኘትም፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘትም ሌላ ፈተና ነው። ጎበዝ ልጅ በመላኪያ ገንዘብ ምክንያት የሚያመለክትባቸውን ኮሌጆች ቁጥር ሲቀንስ ማየት ያማል።

አመልካቹን አምኖ ኋላ ማጣራት ግን ይቻላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አመልካቾች የትምህርት ቤት ውጤታቸውን ራሳቸው ይሞላሉ፤ ትራንስክሪፕታቸው የሚመረመረው ከተቀበሏቸው በኋላ ነው። በ2018 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የፈተና ውጤት ማቅረብን በአመልካቹ ምርጫ ላይ ሲተው፣ የሚያቀርበውም ራሱ እንዲሞላው ፈቀደ። ዛሬ ኤምአይቲንና ዬልን ጨምሮ ብዙዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

እንግዲህ ወደ ውሸቱ። ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ተማሪው የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። ሐሰት ከተገኘ ቅበላው ሊሰረዝ፣ ትምህርት ከጀመረም ሊባረር፣ ዲግሪውን እንኳ ሊነጠቅ እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። ከዚያ ተቀባይነት አግኝቶ ለመግባት የወሰነ ተማሪ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ኦፊሴላዊውን ውጤት ያስልካል፤ የኮሌጁ መግቢያ ቢሮ ከማመልከቻው ጋር ያስተያየዋል። ማጣራቱ አልቀረም፣ ጊዜው ነው የተለወጠው። ቀድሞ አመልካቹ ሁሉ ከፍሎ ያልፈው የነበረውን በር፣ አሁን የሚያልፈው የሚገባው ብቻ ነው። ክፍያውም የአንድ ኮሌጅ ብቻ ይሆናል።

የድሮው መንገድ ከማጭበርበር የጸዳ አልነበረም። በ2019 አሜሪካን ያናወጠው የኮሌጅ ቅበላ ቅሌት ሲጋለጥ፣ ባለጸጋ ወላጆች ለቅበላ አማካሪው ለሪክ ሲንገር እየከፈሉ የልጆቻቸውን የፈተና መልስ በሌላ ሰው ያስለውጡ እንደነበር ታወቀ። እነዚያ የሐሰት ውጤቶች የወጡት ከፈተና ድርጅቶቹ ነበር፤ ማኅተም አልጎደላቸውም። ስለዚህ ልጁን አምኖ ኋላ ማጣራት ኮሌጁን ለበለጠ አደጋ ያጋልጠዋል የሚለው ክርክር አያሳምነኝም።

አሞላሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮመን አፕ የሚጠይቀው በየክፍሉ የተገኘውን ከፍተኛ ውጤት፣ ከነቀኑ ነው። ሁለት ጊዜ የተፈተነ ልጅ የሒሳብ ውጤቱ በመጋቢት፣ የንባቡ በጥቅምት ሊበልጥ ይችላል፤ ሁለቱንም በየራሳቸው ቀን ይጽፋል። እንዲህ ከየፈተናው ምርጡን መርጦ መደመር ሱፐርስኮር ይባላል፤ ብዙ ኮሌጆች ይቀበሉታል፣ የማይቀበሉም አሉ። በራስ የተሞላ ውጤት የማይቀበሉ፣ ገና ሲያመለክቱ ኦፊሴላዊውን የሚጠይቁም አሉ። የእያንዳንዱን ኮሌጅ ደንብ ከራሱ ማንበብ የግድ ነው።

ውጤት ማቅረብ ግዴታ ባልሆነበት ኮሌጅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ልሙላው ወይስ ልተወው? በ2024 ዳርትመዝ ኮሌጅ ፈተናውን እንደገና ግዴታ ሲያደርግ መነሻ የሆነው የራሱ መምህራን ያደረጉት ጥናት ነበር። ከተቸገረ ቤተሰብ የመጡ አመልካቾች ሊጠቅማቸው ይችል የነበረን ውጤት ዝቅተኛ መስሏቸው ደብቀውት ተገኙ። መግቢያ ቢሮው ቁጥሩን የሚመዝነው ልጁ ከተማረበት ትምህርት ቤትና ከኑሮው ጋር አያይዞ ስለሆነ፣ ከኮሌጁ አማካይ ያነሰ ውጤትም ሊያስመሰግን ይችላል። የእኛ ልጆች፣ በተለይ ከቤተሰባቸው ኮሌጅ ለመግባት የመጀመሪያ የሆኑት፣ ይህን ቢያውቁ እወዳለሁ። አማካሪ ሳይጠይቁ ውጤታቸውን አይተዉ።

በመጨረሻ የስም ነገር አለ። ስማችን የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። ያው ልጅ አንድ ቦታ የአባቱን፣ ሌላ ቦታ የአያቱን ስም መጨረሻ ላይ ካስገባ፣ ወይም በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት ከጻፈው፣ ኦፊሴላዊው ውጤት ሲደርስ ከማመልከቻው ጋር ላይገናኝ ይችላል። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሰነድ ሲቀየር ቀኑ ይዛባል። ለፈተናው ሲመዘገብም ማመልከቻውን ሲሞላም ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። ልዩነት ቀድሞ ተፈጥሮ ከሆነ፣ ቢሮው እስኪጠይቅ ሳይጠብቁ ለመግቢያ ቢሮው በኢሜይል አስረድቶ የፓስፖርቱን ቅጂ ለመላክ ዝግጁ መሆን ይሻላል።